ቅቤና ክትባት በአንድ ፍሪጅ

ከምባታና ሐዲያ አውራጃ፣ ፎንቆ
ጥር 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ትርፊት
ስቶክሆልም

«የተከተበ ልጅ በኩፍኝ የሚሞት ከሆነ፣ መከተቡ ለምኑ ነው?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እንደ ወጉ ሰላምታውን ባስቀድም ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ይቺን ጥያቄሽን ካነበብኩ ወዲህ ሌላ ነገር ልጻፍ ብል እጄ እምቢ ይለኛል። ደግሞ ጥያቄዋ ያንቺ ብቻ አይደለችም። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ ይጠይቁኛል። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማዬን ሳወልቅ እንኳ አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ ይህንኑ ጠየቀችኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ የምመልሰው ላንቺም ለሷም ነው።

አስቀድሜ ግን እንዳትሰጊ ያህል፦ እማዬ ደህና ናት። ፋንታዬ ደህና ናት። ልጅሽ መራመድ ትታ መሮጥ ጀምራለች፤ ስትወድቅ አታለቅስም፣ መሬቱን ትመታዋለች። ማን እንዳስተማራት አትጠይቂኝ። ዳኘም ከግንባር ጽፏል፤ ደብዳቤው የጥቅምት ነው፣ የደረሰን ግን በገና ሰሞን ነው። «ልጄን ሳሙልኝ፣ ለእናቷም ደህና ነኝ በሉልኝ» ይላል። ይኸው ብያለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ። ኩፍኝ ከገና በኋላ ጃጁራ ገባ። ከዚያ በገበያተኛው እግር እግር እየተከተለ ወደኛ መጣ። ዛሬ ጠዋት ከወንዙ ማዶ ካለው ሰፈር ሁለት ልጆች ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሳል እያጣደፋቸው መጥተው ሳያቸው፣ የእኛ ሰፈር ተራ እንደደረሰ ገባኝ። ፋንታዬ ደግሞ አልተከተበችም። የአውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆነሽ «ወርቅዬ፣ ነርስ ብትሆኚም ልጄን መርፌ እንዳታስነኪብኝ» ብለሽኝ እሺ ብዬሻለሁ። እስካሁን እሺታዬን ጠብቄያለሁ። ከእንግዲህ ግን ዝም ብዬ አልጠብቅም፣ እከራከርሻለሁ።

ለጥያቄሽ ሁለት መልስ አለኝ፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም።

አጭሩ ይህ ነው። ክትባቱ በደንብ ተይዞ፣ በዘጠኝ ወራቸው ከተከተቡ መቶ ሕፃናት ሰማንያ አምስት ያህሉን ይጠብቃል። የቀሩትን ላይዛቸው ይችላል። ይህን ጎንደር ስንማር መምህራችን ደጋግሞ ነግሮናል፤ እኔም ለእናቶች ሳልደብቅ እናገራለሁ። ከተከተቡ በኋላ በሳምንቱ ገደማ ትኩሳት የሚነካቸው አሉ፣ ጥቂት ሽፍታ የሚወጣባቸውም አሉ፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃቸዋል። ይህ መርፌው ያመጣው ኩፍኝ አይደለም፣ ሰውነታቸው እየተለማመደ ነው። እውነተኛው ኩፍኝ ምን እንደሚያደርግ ለአንቺ አልነግርም። አንቺ አይተሽዋል።

ረጅሙ መልስ የሞተውን ልጅሽን ሰይፉን ይነካልና ወንበር ስበሽ ተቀመጪና አንብቢው።

መስከረም መጀመሪያ ላይ ተመድቤ ክሊኒካችን ስገባ መጀመሪያ የጠየቅኩት ፍሪጁን ነበር። ያቺን በነጭ ጋዝ የምትሠራውን። እንዴት እንዳማረኝ አትጠይቂ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ «ክትባት ያለ ቅዝቃዜ ውኃ ነው» ሲሉን ከርመው፣ አሁን የራሴን ፍሪጅ ልከፍት ነው። ከፈትኩት። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክል ነገር ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል።

ድሬሰሩን ጋሼ ወልደ ሰንበትን ጠራኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው።»

«ቅቤ መሆኑንማ አየሁ!»

«ካየሽ ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

የሴቶቹ ዊጆ ነው እትዬ። ታውቂዋለሽ፣ እማዬም ከገባችበት ስንት ዓመቷ። ክረምቱን ሙሉ በየሳምንቱ እያንዳንዷ ቅቤዋን እየመዘነች ለባለተራዋ የምታስረክብበት የቅቤ ማኅበር። ድሮ በየቤታቸው ነበር የሚያቆዩት። ፍሪጁ ከመጣ ወዲህ ግን ለጋ እንደሆነ ለመስቀል እንዲደርስ ብለው ለጋሼ ወልደ ሰንበት አደራ ሰጧቸው። እሳቸውም እምቢ ማለት የማይችሉ ሰው ናቸው። የዚህን ሰፈር ልጅ ግማሹን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፤ የየትኛዋን ፊት ይመልሱ?

«ቅቤው ድንጋይ ሆነ ብለው ሲጮሁብኝ እሳቷን ዝቅ አደርግላቸዋለሁ» አሉኝ፣ ትልቅ ዘዴ እንደነገሩኝ ሁሉ ደስ ብሏቸው። ከታች ያለችው እሳት ዝቅ ስትል ደግሞ ላይ ያለው ቅዝቃዜ ይቀንሳል።

«ክትባቱስ የት አለ?»

«በሩ ጋ። ምን ይሆናል? ጥላ ውስጥ ነው።»

በሩ ጋ! በየገበያው ቀን ሃያ ሴት የምትከፍተው በር! ቴርሞሜትሩን ብፈልገው ቅቤ ውስጥ ተቀብሮ አገኘሁት። የዚያኑ ሳምንት ቅቤውን አስወጣሁ፣ አሮጌውን ክትባት ሁሉ ደፋሁ፣ ሆሳዕና ሄጄ በበረዶ ሳጥን አዲስ አመጣሁ። ሴቶቹ ለአንድ ወር ያህል ሰላምታ ከለከሉኝ። «የጎንደሯ ሲስተር ቅቤያችንን አባረረችው» ተባልኩ። ይሁን።

አሁን በጥር ኩፍኙ ሲመጣ ግን ነገሩ ሁሉ ፊቴ ተዘረጋ። ከታመሙት ልጆች መካከል የክትባት ካርድ ያላቸው ነበሩ። ካርዶቹን አየሁ፤ ሁሉም የተከተቡት ባለፉት ክረምቶች ነው፣ ቅቤው ፍሪጁ ውስጥ ሳለ። ከጥቅምት ወዲህ በአዲሱ ክትባት ከከተብኳቸው መሃል እስካሁን የታመመ አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም ቀሎለት ይጫወታል። ሰይፉ የተከተበው መቼ ነበር እትዬ? ክረምት አልነበረም? እኔ ያኔ ጎንደር ነበርኩ፣ መርዶውን በደብዳቤ ነው የሰማሁት። አንቺ «ወይ መርፌው ገደለው፣ ወይ መርፌው ምንም አልሠራለትም» ብለሽ ሁለት ዓመት ተሰቃየሽ። መርፌው አልገደለውም። የተሰጠው መርፌ ግን ሕይወት አልነበረውም። ፍሪጁ ውስጥ ሞቶ ነው ክንዱ ላይ የተወጋው። ይህን ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

አሁን ደግሞ ያሳበደኝን ልንገርሽ። ሰው ሁሉ «የታመሙት የመርፌው ልጆች ናቸው» ማለት ጀመረና ክሊኒኩ ባዶ ሆነ። ከአውራጃ ጓድ ገብረክርስቶስ የሚባል የክትባት ዘመቻ ተጠሪ መጣ፣ የገበሬ ማኅበሩም አዳራሽ ተሰበሰበ። ጓድ ገብረክርስቶስ ተነሥቶ፣ ክትባቱ በአውራጃችን መቶ በመቶ ተሳክቷል፣ የታመሙት ያልተከተቡ ናቸው፣ እናቶች ስብሰባና ቅጣት ፈርተው ተከተበ እያሉ ዋሽተዋል አለ።

የላምቤቦ እናት ተነሣች። የዊጆው ሹም እሷ ናት፣ ቤቷ ገበያው አጠገብ ነው፤ ትንሹ ልጇ ያን ቀን ቤት በኩፍኝ ትኩሳት ተኝቷል። በሐዲይኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው።

«ካርዱ ይኸው። ማኅተሙ የናንተ ነው። ጓድ፣ እኔ ነኝ ውሸታሟ ወይስ ማኅተሙ?»

አዳራሹ ሳቀ። ጓድ ገብረክርስቶስ አልሳቀም። ወደኔ ዞሮ፣ «ጓድ ሲስተር ታስረዳለች» አለ፣ ቀድሞ ቢሮ ውስጥ «ያልተከተቡ ናቸው በይ» ብሎኝ ነበርና።

ተነሣሁ። «እናቶች አልዋሹም» አልኩ። «ልጆቻቸውን አምጥተዋል፣ ልጆቹ ተወግተዋል። የተወጉት ግን የሞተ ክትባት ነው። ፍሪጁ ውስጥ ቅቤ አስቀምጠን፣ እሳቱን ዝቅ አድርገን፣ በሩን ስንከፍት ስንዘጋ እኛው ገደልነው።»

«ጓድ ሲስተር፣ ተቀመጪ!»

«አልቀመጥም፣ አልጨረስኩም።»

«የአብዮቱን ዘመቻ በቅቤ ልታሳብቢ ነው?»

«ጓድ፣ ክትባቱ አብዮት አያውቅም። የሚያውቀው ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው።»

ይህን ስል አንዱ ከኋላ ጮክ ብሎ ሳቀና አፉን ያዘ። ከዚያ ግን ሳቁ ሁሉ ጠፋ፣ ምክንያቱም የላምቤቦ እናት አሁንም እንደቆመች ነበር።

«ልጄን ያሳመመው ቅቤዬ ነው ነው የምትዪኝ?»

«አይደለም እማማ። ልጅሽን ያሳመመው ኩፍኝ ነው። ቅቤው ክትባቱን እንደሚያበላሽ ማንም አልነገራችሁም። መናገር የነበረብን የክሊኒኩ ሰዎች ነን። አላጠፋችሁም።»

ጋሼ ወልደ ሰንበት ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክሩ ነበር። እማዬ ፋንታዬን አዝላ ከበሩ አጠገብ ነበረች። እኔ ያን ጊዜ የማየው ጓዱን እንጂ እሷን አልነበረም።

እትዬ፣ ይህን አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽና ሁለተኛ አናንሣው። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ እማዬ ቅቤ በአፏ አይገባም። ጾም ሳይሆን ወጧን በዘይት ለብቻዋ ትሠራለች። «ጨጓራዬን ነው» ትላለች። ሰይፉን ያን ክረምት ይዛው ሄዳ ያስከተበችው እሷ መሆኗን ታውቂያለሽ፤ ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፣ እሷም የገበያ ቀን ባዶ እጇን ወደ ክሊኒክ አትሄድም ነበር። እኔ ምንም አልጠየቅኋትም። አንቺም አትጠይቂያት። ስትጽፊላት ስለ በረዶው ጻፊላት፣ ስለ ባቡሩ ጻፊላት፣ እንደምትወጃት ጻፊላት።

ስብሰባው ሲበተን ጓድ ገብረክርስቶስ ለብቻዬ ጠርቶ ረቡዕ በውይይት ክበብ ግለ ሂስ እንዳቀርብ አዘዘኝ። «ሂስ የሚገባው ፍሪጁ ነው፣ እሱን ጥራ» አልኩት። ወደ ገሙ ጎፋ እንደሚያዛውረኝ ነገረኝ። ገሙ ጎፋም ልጅ አለ፣ ገሙ ጎፋም ፍሪጅ አለ፣ ልሂድ አልኩት። እስካሁን የዝውውሩ ደብዳቤ አልመጣም። ሲመጣ የማስረክበው ንጹሕ ፍሪጅ ነው፤ እስከዚያ ግን ከዚህ አልነቃነቅም።

በማግስቱ ጠዋት ምን ሆነ መሰለሽ? ክሊኒኩን ስከፍት የዊጆው ሴቶች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ሊጣሉኝ መጡ ብዬ ነበር። የላምቤቦ እናት ልጇ ትኩሳቱ እንደበረደለት ነገረችኝና፣ «ፍሪጁን አሳዪን» አለች።

«ማሳየት መክፈት ነው። መክፈት ደግሞ ያው ጥፋቱ ነው።»

«እንግዲያው በሩ ላይ ማን ይቆማል? አንቺ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ወልደ ሰንበት እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ ይከፍታል።»

«እውነቷን ነው» አሉ ጋሼ ወልደ ሰንበት ከጓዳ።

ተመካከሩ። በመጨረሻ የወሰኑትን ስሰማ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ። ዊጆው ለፍሪጁ ተራ ገባ! እንደ ቅቤው ሁሉ እያንዳንዷ በሳምንቷ ነጭ ጋዙን ታመጣለች፣ ጠዋትና ማታ መጥታ እሳቷ መብራቷን ታያለች፣ በሩን ያለኔ ማንም እንዳይነካ ትጠብቃለች። ቅቤ ያጎደለች እንደምትቀጣ፣ ጋዝ ያጎደለችም ትቀጣለች። ዘመቻው ሁለት ዓመት ሙሉ ማሟላት ያቃተውን ጋዝ እነሱ በአንድ ጠዋት አሟሉት። ትናንት ጋሼ ወልደ ሰንበት የራሳቸውን የመጠጥ ውኃ ሊያቀዘቅዙ ብለው ወደ ፍሪጁ ሲጠጉ ባለተራዋ በመጥረጊያ አባረረቻቸው። ጎንደር ይህን አላስተማሩኝም።

እና አሁን ተሳካልሽ፣ ምን ቀረሽ ትዪኝ ይሆናል። አንቺ ቀረሽኝ።

ሁሉ ነገር ከተስማማ በኋላ የላምቤቦ እናት እንዲህ አለችኝ።

«የእህትሽ ልጅ ተከትባለች?»

«አልተከተበችም።»

«ስለምን?»

«እናቷ አልፈቀደችም።»

«እናቷ የት ናት?»

«ስዊድን።»

«እዚያ አገር ልጅ አይከትቡም?»

«ይከትባሉ። ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍን፣ ሌላም ኩፍኝ የሚመስል በሽታ አለ፣ ሦስቱን በአንድ መርፌ።»

«ሦስቱን በአንድ መርፌ!» አለችና ወደ ሴቶቹ ዞራ በሐዲይኛ ተረጎመችላቸው። ከዚያ ወደኔ ተመለሰች። «እንግዲህ እሷ እዚያ ሆና፣ ይህን ሁሉ አይታ እምቢ ካለች፣ እኛ እዚህ ሆነን እሺ የምንለው ሞኞች ስለሆንን ነው?»

መልሺላት እስቲ እትዬ።

ሌሎች ሰፈሮች መጥተው አስከትበዋል፣ በየቀኑም ይመጣሉ። የእኛ ሰፈር ዘጠኝ እናቶች ግን የፋንታዬን ካላዩ አይመጡም። አንድ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ እንደሚሆን፣ ከተበጠበጠ በዚያው ቀን ማለቅ እንዳለበት እኔው ራሴ አስረድቻቸው ነበርና፣ «ዘጠኝ ነን፣ አሥረኛዋ ያንቺ ናት» አሉኝ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ኩፍኙ ከወንዙ ማዶ ደርሷል፣ እኔን አይጠብቅም አልኩ። «እኛም እህትሽን ነው የምንጠብቀው» አሉ።

እማዬ ትናንት ማታ «አድርጊላት ልጄ፣ ትርፊት ከየት ታያለች?» አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መርፌውን ለማምጣት እግሬ ተነሥቶ ነበር። ግን አላደረግኩትም፣ አላደርገውምም። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት «ማንም አልነገራችሁም» ብዬ የተሟገትኩ ሰው፣ ላንቺ ሳልነግር ልጅሽን ልወጋ? በድብቅ የተሠራ ነገር ነው እኮ ለዚህ ያበቃን። አንቺ አውቀሽ ትፈቅጃለሽ። ወይም አውቀሽ ትከለክያለሽ። ሳታውቂ ግን አይሆንም።

ደብዳቤሽን መልሼ አነበብኩት። የአከራይሽ ልጅ በዓመት ከስድስት ወሩ ያን የሦስት በሽታ መርፌ ተወግቶ አንድ ቀን ብቻ አኩርፎ እንደዋለ ጽፈሻል። «ግን የዚያው ሌላ፣ የኛው ሌላ ነው» ትያለሽ። እምቢ እትዬ፣ ይህን አልቀበልሽም! እዚያ ሲሆን ሕክምና፣ እዚህ ሲሆን ጥንቆላ ነው? የኛው ለኩፍኝ ብቻ ነው እንጂ የተሠራበት ዕውቀት ያው ነው። እነሱ በሦስት በሽታ ላይ ያምኑታል፣ እኛ በአንዱ እንኳ እንድንፈራው ማን ፈረደብን? ልዩነቱ ፍሪጁ ነበር። ስዊድኖችም ቅቤ ይበላሉ፣ ነገር ግን ለቅቤው ሌላ ፍሪጅ አላቸው። አሁን እኛም ለክትባቱ ብቻ የሆነ ፍሪጅ አለን። የእኛ ደግሞ መጥረጊያ የያዘች ሴት በሩ ላይ አለችው፣ እነሱ ይህ የላቸውም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም፤ ለምን እንደሆነ ይገባሻል። ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ የሚስዮን እንግዳ አሉ፣ ቅዳሜ ወደ ስቶክሆልም ይበራሉ። በእጅሽ ይሰጡሻል።

ከብርዱ ይጠብቅሽ፣ ከብቸኝነቱም ይጠብቅሽ። ዳኘን በእግሩ ያምጣልን። የሰይፉን ነፍስ በጎ ቦታ ያኑርልን። ፋንታዬ አድጋ ስትከራከርሽ ለማየት ያብቃሽ፤ እኔን ከመሰለች መከራከሯ አይቀርም።

እሺ ካልሽ ሆሳዕና ባለው ቴሌ በኩል «ይሁን» ብቻ ብለሽ ቴሌግራም ምቺልኝ። እምቢ ካልሽ ግን ቴሌግራም አይበቃም። ምክንያትሽን በደንብ አድርገሽ ጻፊው፣ ለኔ ሳይሆን ለላምቤቦ እናት ብለሽ ጻፊው፤ እኔ ቃል ሳልቀንስ ለዘጠኙም አነብላቸዋለሁ። ከመጻፍሽ በፊት ግን እዚያ ያለችውን የሕፃናት ነርስ ሄደሽ ጠይቂያት፣ የኛን የቅቤ ታሪክም ንገሪያት። ብልቃጡን ለይቼ አስቀምጫለሁ። ፈጥነሽ መልሺልኝ።

እህትሽ
ወርቅዬ